ያኛው ልጅ ግን ምንድን ነው የሚሠራው?

ቤዝ ጊታር የሚጫወት ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚከተሉት ሦስት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው «ይሄ ጊታር ሁለት ክር ጎደለው እንዴ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ወደ ዋናው ጊታር የምታልፈው መቼ ነው?» ይላል፤ ቤዝ የጊታር አንደኛ ክፍል ይመስል። ሦስተኛው ለእሱ አይቀርብም። አጠገብ ላለ ሰው በሹክሹክታ ነው የሚቀርበው፦ «ያኛው ልጅ ግን ምንድን ነው የሚሠራው?»

ክሩ አልጎደለም። አራቱ ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ተብለው ይቃኛሉ። ስማቸው ከተራው ጊታር አራት ወፋፍራም ክሮች ጋር አንድ ነው፤ ድምፃቸው ግን አንድ ኦክታቭ ይወርዳል፤ ማለትም ክሩ የሚርገበገበው በግማሽ ፍጥነት ነው። ያን ያህል ለመውረድ ክሩ መወፈርም መርዘምም አለበት። አሜሪካዊው ጊታር ሠሪ ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝ የተባለውን ቤዝ ጊታር ካወጣ ወዲህ የተለመደው የክር ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለትም 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወፍራሙ ኢ ክር ብዙ ጊዜ ከሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ያልፋል። ይህን ሽቦ ማታ ማታ ሲጎትት የሚያመሽ ጣት ምን እንደሚመስል ባለቤቱ ሲጨብጥዎ ያውቁታል።

ስለ ማደጉም ጉዳይ፣ አያድግም። እዚያው ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ግን ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። ኪቦርዲስቱ ሲ፣ ኢ እና ጂ የተባሉትን ኖታዎች አንድ ላይ ተጭኖ ይያዝ እንበል። ሲ ሜጀር ነው፤ ጨዋ፣ ፀሐይ የወጣበት ኮርድ። ቤዚስቱ ከሥር ሲን ከመታ ፀሐዩ ይቀጥላል። ኪቦርዲስቱ ጣቱን ንቅንቅ ሳያደርግ ቤዚስቱ ወደ ኤ ቢወርድ ግን ያው ኮርድ ኤ ማይነር ሰቨንዝ ይሆናል፤ ፊት ለፊት የቆመችው ልጅ ዓይኗ እንባ ያቀርራል። ቤዚስቱ እንደገና ወደ ኤፍ ቢሻገር ሰማዩ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ሰው ስልኩን እያወጣ መቅረጽ ይጀምራል። በዚህ ሁሉ መሃል የኪቦርዲስቱ እጅ ሦስቱ ቁልፎች ላይ አርፎ ተቀምጧል። ዝግጅቱ ሲያልቅ ልጅቷ ሄዳ የምታቅፈው ኪቦርዲስቱን ነው። እሱም አንገቱን ሰበር አድርጎ «ከውስጥ ነው የመጣው» ይላታል። ከሥር ነው የመጣው።

የኖታ ምርጫ ግን የሙያው ቀላሉ ክፍል ነው። የሚከብደው ማቆሙ ነው። ዘፈኑ በደቂቃ 120 ምት ከሄደ አንዱ ምት ግማሽ ሴኮንድ ይፈጃል። ቤዚስቱ በእግር ከሚመታው ትልቁ ከበሮ፣ ከኪክ ድራሙ ጋር እኩል ይመታና ልክ በዱላ የሚመታው ጠፍጣፋ ከበሮ፣ ስኔሩ ሲያርፍ ድምፁን ይቆርጠዋል። የሚቆርጠውም የግራ እጁን ጫና አላልቶ ነው፤ ጣቱ ከክሩ አይለቅም። ጨርሶ ካነሣው ክፍቱ ክር ያጉረመርማል። አንድ ጣት ብቻ ካስቀረበት ደግሞ ሃርሞኒክ የምትባል ቀጭን ፉጨት ልታመልጠው ትችላለች፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ጣት ያለሰልስበታል። በተፈጠረችው ክፍተት ውስጥ ስኔሩ ብቻውን ጧ ይላል። ተመልካቹም «ድራመሩ እንዴት አባቱ ነው የሚመታው!» ብሎ ይደነቃል። ቤዚስቱ ድምፁን ቢያንዛዛው ያው ድራመር፣ በያው ዱላ፣ ያንኑ ስኔር እየመታ ጭቃ ላይ የሚረግጥ ይመስላል። ያኔ ደግሞ የሚወቀሰው ሳውንድ ማኑ ነው። ቤዚስቱ ከምስጋናውም ከወቀሳውም ነፃ ነው። (የኋለኛው ጥቅም መሆኑን ቤዚስቶች አይክዱም።)

ስሕተት ላይም እንዲሁ ነው። ሊድ ጊታሪስት ሶሎ መሃል አንድ ኖታ ሲስት መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ያንኑ የሳተውን ኖታ ፊቱን አጨማድዶ ሁለት ጊዜ ይደግመዋል፤ በሦስተኛው ላይ ስሕተቱ ጃዝ ይሆናል። ድራመር ዱላ ሲያመልጠው ሌላ መዝዞ ይቀጥላል፤ ጭብጨባም ያተርፍበታል። ቤዚስት በግማሽ ቶን ከሳተ ግን አዳራሹ ሁሉ ቅጭም ብሎ ድምፃዊቷን ያያታል። ጆሮ ላይኛውን ድምፅ የሚመዝነው ታችኛውን ተደግፎ ነውና ታችኛው ሲያዘነብል ላይ ያሉት ሁሉ የወደቁ ይመስላሉ። ምስኪኗ ድምፃዊትም «ዛሬ ጉሮሮዬን ምን ነካብኝ?» እያለች ውኃ ትጠጣለች።

አንዳንዴ ጣቱም ሳይስት መሣሪያው ይስታል። ምርመራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ አዲስ ክር ይግባ፤ ባረጀ ክር ላይ ይህን መሞከር ድካም ብቻ ነው። ከዚያ ክፍቱ ክር በትክክል ይቃኝ። ቀጥሎ አንገቱ ላይ በአግድም ከተደረደሩት ብረቶች (ፍሬቶች) ከ12ኛው በላይ ክሩን ሳይጫኑ ነካ ብቻ አድርገው ሃርሞኒኩን ይምቱ፤ ከዚያ እዚያው ተጭነው ይምቱ። ሁለቱ መቃኛው (ቲዩነሩ) ላይ እኩል መሆን አለባቸው። የተጫኑት ከፍ ካለ ክሩ አጥሯል ማለት ነው፤ ድልድዩ ላይ ያለችውን የክሩን መቀመጫ በብሎኗ ወደ ኋላ ይሳቧት። ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ ያስጠጓት። ጥቂት ካዞሩ በኋላ ክፍቱን ክር እንደገና መቃኘት ግድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው፤ ረስቶም መሣሪያውን ይራገማል። ለአራቱም ክሮች ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ድምፃዊቷ ላይ ስንት ጊዜ የተጠራቀመ ሐሜት በግማሽ ሰዓት ይነሣል።

እሺ፣ ይህን ሁሉ የሚሠራ ከሆነ ለምን አይሰማም? ክፍቱ ኢ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ነው የሚርገበገበው። ይህን ያህል የወረደ ድምፅ አየር ላይ ሲሄድ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ከስምንት ሜትር ያልፋል። የስልክዎ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ከጥፍርዎ ብዙም አይበልጥም። እንዲያ ያለችው ማጉያ 41 ሄርዝን ጨርሶ አትችለውም፤ የምታወጣው ከላዩ የተደረቡትን ቀጫጭን ድምፆች ብቻ ነው። አንጎል እነሱን ሰብስቦ «ከሥራቸው ይህን የመሰለ ወፍራም ድምፅ ሳይኖር አይቀርም» ብሎ ራሱ ይሞላዋል። በስልክ የሚያዳምጥ ሰው ከሚሰማው ቤዝ ውስጥ የታችኛውን ክፍል የሠራው የገዛ ጭንቅላቱ ነው። እና ቤዚስቱን አያመሰግን፣ ጭንቅላቱን አያመሰግን።

አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ያ የስምንት ሜትር ሞገድ ከግድግዳ ጋር ተላትሞ ሲመለስ ከሚመጣው ጋር አንድ ቦታ ይደመራል፣ ሌላ ቦታ ይጠፋፋል። ስለዚህ ጥግ የቆመው «ኧረ ቤዙ በዛ፣ ደረቴን ነው የሚመታኝ!» ሲል መሃል የቆመው «ቤዝ የለም እንዴ ዛሬ?» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሳውንድ ማኑ ጥግ አጠገብ ከተመደበ ቤዙን ይቀንሰዋል፤ መሃል ያሉት ያለ ቤዝ ያመሻሉ። ብልህ ሳውንድ ማን ምንም ከመንካቱ በፊት አዳራሹን ዞሮ ይሰማል። ከዚያም ቤዙን በሙሉ ከማውረድ የምታንጎዳጉደውን ጠባብ ቦታ ብቻ ፈልጎ ይቆርጣል። ኪክ ድራሙና ቤዙም አንድ ወንበር ላይ እንዳይጋፉ ያስማማቸዋል፤ ኪኩን 60 ሄርዝ አካባቢ ካስቀመጠው ቤዙን ወደ 100 ገፋ ያደርገዋል። ትናንሽ ማጉያ ላይም እንዲሰማ ከ700 ሄርዝ እስከ 1 ኪሎ ሄርዝ ባለው ላይ ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። የቸኮለው ሳውንድ ማን ግን አንዲቱን ቁልፍ ወደ ታች ይስባትና ወደ ድምፃዊው ማይክ ይመለሳል።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ኩዊን ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የድምፃዊውን የፍሬዲ መርኩሪን ጢምና የጊታሪስቱን የብራያን ሜይን ፀጉር ነው። ጆን ዲከን የሚባል ቤዚስት ነበራቸው። ሌሎች ተሞክረው ካልሆኑ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1971 ገባ፤ በ1973 የመጀመሪያ አልበማቸው ሲወጣ ሽፋኑ ላይ ስሙ ተገልብጦ «ዲከን ጆን» ተብሎ ታተመ። ሰውዬው ኤሌክትሮኒክስ የተማረ ነው። ተጥሎ ካገኘው ሰርኪዩት ቦርድ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ አምፕሊፋየር ሠራ፤ ብራያን ሜይ ስቱዲዮ ውስጥ ጊታሮቹን እየደራረበ ኦርኬስትራ የሚያስመስለው በእሷ ነበር። እሷን የሰማ ሰው የሚያደንቀው ብራያን ሜይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ ውስጥ አንደኛ የወጣላቸውን በቤዝ የሚጀምር ዘፈን የጻፈውም ይኸው ዝምተኛ ነው። ያን ዘፈን አንጎራጉር ቢባል ሰው የሚጀምረው ከቤዙ ነው፤ ማን ጻፈው ቢባል ግን «ፍሬዲ!» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2001 ባንዱ የሮክ ሙዚቀኞች የክብር መዝገብ፣ ሮክ ኤንድ ሮል ሆል ኦፍ ፌም ሲገባ ዲከን አልተገኘም። ቤዚስት መቅረቱ ቶሎ አይታወቅም።

የአሜሪካው ሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት የሞታውን ቤዚስት ጄምስ ጀመርሰንም አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓለም ሲጨፍርባቸው ከነበሩት የሞታውን ዘፈኖች ስንቱን በቀኝ እጁ አንድ ጣት፣ በሌባ ጣቱ ብቻ ተጫውቷቸዋል። ስሙ ግን ለዓመታት ሽፋን ላይ አልታተመም።

«ቤዝ ባይኖርስ?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። አሜሪካዊው ዘፋኝ ፕሪንስ እ.ኤ.አ. በ1984 ከአንድ ዘፈኑ ላይ ቤዙን ቆርጦ አውጥቶታል፤ ዘፈኑም አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጥቷል። ይህን ይዘው የሚከራከሩ አሉ። ሰው ግን እስከ ዛሬ ስለዚያ ዘፈን ሲያወራ የሚጀምረው «ቤዝ የለውም እኮ!» ብሎ ነው። ሁለተኛውን ጊታር ቢያወጣው ኖሮ ማን ያነሣለት ነበር?

ለማድነቅ የቆረጠ ሰው እንዲህ ያድርግ። ስልኩን ያስቀምጥና ደህና የጆሮ ማዳመጫ ያጥልቅ። መጀመሪያ ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ በሚቀንሰውና በሚጨምረው ኢኳላይዘር ከ250 ሄርዝ በላይ ያለውን ሁሉ ያውርድ፤ ድምፃዊው ጎረቤት ቤት እንዳለ ሰው ሲርቅ ቤዙ ብቻውን ይቀራል። ያንን ዜማ በአፉ ማንጎራጎር እስኪችል ይስማ። ከዚያ ኢኳላይዘሩን ይመልስና ያንኑ ዘፈን ከኪክ ድራሙ ጋር ይከተል፤ ቤዙ አብሮት ነው የሚረግጠው ወይስ በመሃሉ ነው የሚያልፈው? በመጨረሻ ሁለተኛውን ቤት ከአንደኛው ጋር ያስተያይ። ደህና ቤዚስት ሁለተኛው ላይ የሆነ ነገር ይቀይራል፤ ወደ አዝማቹ ከመግባቱ በፊት አንዲት መሸጋገሪያ ኖታ ሊጨምር ይችላል፣ ወይም ጭራሽ ዝም ይላል። እንቅፋቱ ግጥሙ ነው። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ሰው ቤዙን ረስቶ ከድምፃዊው ጋር ሲዘፍን ራሱን ያገኘዋል። ለዚህ መድኃኒቱ በማያውቁት ቋንቋ የተዘፈነ ዘፈን መምረጥ ነው።

ባለቤቱን በአካል ማመስገን የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። «አሪፍ ነበርክ!» ያሉት እንደሆነ ማንን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላው ይዞራል። «ያንን በአውራ ጣት የሚመታውን አሳየን» ማለትም ነውር ነው፤ ለቀዶ ሐኪም ካርታ አጫውተን እንደማለት ነው። የሚሻለው ቦታውን ጠቅሶ መናገር ነው፦ «ሁለተኛው ቤት ላይ፣ አዝማቹ ሊገባ ሲል ዝም ያልክባት ቦታ…» በቃ፣ አይጨርሱት። ፊቱ ሲበራ ያዩታል። ከዚያ ግን ወንበር ይፈልጉ፤ ክሩ ኒኬል ነው ወይስ ብረት፣ ፒክአፑ ከድልድዩ ስንት ይራቅ፣ ጠፍጣፋ ጥምጥም ያለው ክር ለምን ሳይቀየር ዓመታት እንደሚቆይ፣ ሁሉንም ይሰማሉ። አርባ ደቂቃ ይመድቡ።

መድረኩ ሲጸዳ ድምፃዊው ማይኩን ይዞ ይወርዳል። ኪቦርዲስቱ ታቅፎ ይወርዳል። ቤዚስቱ ባለ አራት ማጉያውን፣ ከ30 ኪሎ የሚያልፈውን ሣጥን በጉልበቱ እየገፋ ደረጃው ጋ ሲደርስ አድናቂዎች እየሮጡ ይመጡና ይከቡታል።

«ወንድም፣ ይቅርታ፣ ከባንዱ ጋር አንድ ፎቶ ታነሣናለህ?»

ሣጥኑን ያስቀምጥና ስልኩን ይቀበላል። «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ይቆጥራል፤ በቁጥሮቹ መሃል ያለው ጊዜ እኩል ነው፣ ማንም ዓይኑን አልጨፈነም፣ ፎቶውም አልተንቀጠቀጠም።

«ዋው፣ ስልኩ አሪፍ ነው የሚያነሣው!» ይላሉ።