የጄሚ ነገረ ፈጆች

«የሸዋ ሰው ሙግት ድሮ ቀረ» የሚሉ ሽማግሌዎች ያሳዝኑኛል። ቅዳሜ ማታ ደብረ ብርሃን ወጣ ብለው አያውቁማ! በላ ልበልሃ መቼ ሞተ። ሻይ ቤት ገባ እንጂ። እርግጥ አሁን የሚሟገቱት ለርስት አይደለም። ርስቱስ ምን ቀረና። አሁን የሚሟገቱት ለጄሚ ላኒስተር ነው።

ላልሰማችሁ ልንገራችሁ። ጄሚ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የሚባል የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ላይ ያለ መልከ መልካም ባላባት ነው። ገና በመጀመሪያው ክፍል ከመንታ እህቱ ጋር የማይሆን ነገር ሲያደርግ አንድ ሕፃን በመስኮት ያየዋል። ጄሚም ልጁን ከግንቡ ላይ ወደ ታች ገፈተረው። ልጁ ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩ ግን ከዚያ ወዲህ አልቆመም። ይሄ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ተከታታዩም በ2019 አልቋል። የኛ ልጆች ግን 73ቱንም ክፍል በፍላሽ አስጭነው፣ ሁለቴ ሦስቴ አይተው፣ ይኸው እስከ ዛሬ ፍርድ አልሰጡም። ጉዳዩን እየመረመሩት ነው። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከየት ይገኛል?

እኔ የምቀመጠው መስኮቱ ሥር ነው። ውጭው ብርድ ነው፣ 2,800 ሜትር ላይ ተቀምጦ ሌላ ምን ይጠበቃል። በነገራችን ላይ የፊልሙ ሰሜነኞች ክረምት መጣ እያሉ ሰው ያስፈራራሉ። እዚህ ያንን ሰምቶ የደነገጠ አላየሁም። ሁሉም ጋቢውን እስከ ጆሮው ስቦ «ደሞ መቼ ሄዶ?» ይላል።

የጄሚ ነገረ ፈጅ ቀን ቀን ብሎኬት የሚያመርት ልጅ ነው። ሲሟገት ይነሳል። አባቶቹ ነጠላቸውን አደግድገው ችሎት ይቆሙ ነበር፤ እሱ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ይስባል። በግራ እጁ የሻይ ብርጭቆ ይይዛል። ቀኝ እጁ ለነገር ነው።

«ቆይ አንዴ! ንጉሥ ገደለ ነው የምትሉት? ንጉሡ ምን ሊያደርግ ነበር? ከተማዋን ከነሕዝቧ ሊያቃጥል! ማን አዳናት?»

ቤቱ ጸጥ ይላል።

«ጄሚ!»

ሻዩ ይደፋል። ጠረጴዛው ጫፍ ድረስ ፈሶ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። የሚጠርገው የለም። እንዲህ ባለ ሰዓት ማን ጨርቅ ይፈልጋል?

«ልጁስ?» ይላል ከሳሽ።

ነገረ ፈጁ ይቺን ሲጠብቃት ነበር። «ልጁ መጨረሻ ላይ ምን ሆነ? ነገሠ! ባይወድቅ ይነግሥ ነበር? እንደውም ጄሚ ባለውለታው ነው።»

አጨበጨብኩለት። እኔም በልጅነቴ ከባሕር ዛፍ ላይ ወድቄ አውቃለሁ። የገፋኝ ሰው ስላልነበረ ይሆናል፣ እስካሁን ምንም አልተሾምኩም።

ሙግት ያለ ውርርድ አይደምቅም። ድሮ ተሟጋች በማር፣ ሲብስም በፈረስ ይወራረድ ነበር። ዛሬ በአንድ ዙር ሻይ ነው። ስኳር ከተወደደ ወዲህ እሱም ቀላል እንዳይመስላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2022 የዚሁ ፊልም ቅድመ ታሪክ «ሃውስ ኦፍ ዘ ድራገን» ሲመጣ ደግሞ ችሎቱ ሰፋ። ሰዉ እንደ ፊልሙ ሁለት ጎራዎች ጥቁርና አረንጓዴ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ኤሞንድ የሚባል ልዑል አለ። ዘንዶ ላይ ተቀምጦ የእህቱን ልጅ በዝናብ፣ በደመና መሐል ያሳድደዋል። ዘንዶዋ ተው ቢላት አልሰማ ብላ ልጁን ከነዘንዶው ቦጫጨቀችው። የአረንጓዴው ጠበቃ መልስ አጭር ናት፦ «ዘንዶዋ ናት እንጂ እሱ ምን አደረገ?» ይህን የሚለው የባሶና ወራና ገበሬ ልጅ ነው። አባቱ ገብሳቸው ውስጥ የሰው በሬ ሲገባባቸው ባለቤቱን ትተው በሬውን የከሰሱበት ቀን መኖሩን እጠራጠራለሁ። ግን ዘንዶና በሬ አንድ አይደሉም። ዘንዶ ውስብስብ ነው።

የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ»ዋን ንግሥት ዴኔሪስንም ያው ታውቋታላችሁ። ከተማዋ እጅ ሰጥታ፣ ደወል ተደውሎ ካበቃ በኋላ ሕዝቡን በእሳት የጨረሰችው። «ሐዘን ላይ ነበረች» ይሏታል። እኛ ሰፈር ሐዘን ላይ ያለ ሰው ንፍሮ ይቀርብለታል። በውጭው ዓለም የመጨረሻው ሲዝን እንደገና ይሠራልን ብሎ የፈረመው ተመልካች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበር። የኛዎቹ ፊርማ አያምኑም። በአፍ ነው።

የሚወዱት ቃል «ግሬይ» ነው። ክፉ ሰው የለም፣ ደግ ሰው የለም፣ ሁሉም ግሬይ ነው። ደጋግሜ ስሰማው ደስ አለኝና አንድ ማታ እኔም ደፈርኩ። የከተማችንን ቆርቋሪ አነሳሁ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡ፣ መጻሕፍት የደረሱ፣ የሰንበትን ክርክር በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የቋጩ ሊቅ ናቸው። በሰማይ በታየው ብርሃን ደብረ ብርሃን ብለው ስም ያወጡላትም እሳቸው ናቸው። እኚሁ ንጉሥ ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉትን መነኮሳት ክፉኛ አሳድደዋል። ጣዖት አመለኩ በተባሉ በገዛ ልጆቻቸው ላይ ሳይቀር እንደጨከኑ የጻፈው የራሳቸው ዜና መዋዕል ነው። «ከዚህ የበለጠ ግሬይ ከየት ይመጣል?» አልኩ።

ብሎኬት አምራቹ ቁጭ አለ። ቁጭ ብሎ ሲናገር ያኔ ገና አየሁት። «ታሪካችንን አታጠልሽ» አለኝ። ማዶ ያለው ደግሞ «ምን ይጠለሻል፣ ጨካኝ ነበር፣ አለቀ!» አለ። በቃ። አንዱ ነጭ ቀባ፣ አንዱ ጥቁር። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ምስክር የለ፣ ቀጠሮ የለ፣ «ከሁኔታው አንጻር» የለ። አልፈረድኩባቸውም። ግራጫ ከውጭ የሚገባ ቀለም ነው። ለአገር ልጅ እየቀባን ከጨረስነው ለጄሚ ምን ይተርፋል?

ባለፈው ቅዳሜ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አለፈ። የሻይ ቤቱ ባለቤት እትዬ ከሰሉን አመድ እያለበሱ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ጄሚ ጄሚ ሲባል ሰምተው አንድ ቀን ጠይቀው አያውቁም።

«እናንተ ልጆች፣ ያ ሰውዬ የጣለውን ልጅ ይቅርታ ጠየቀው ወይ?»

ነገረ ፈጁ ከሳሹን አየው። ከሳሹ ጣሪያውን አየ። 73 ክፍል በጭንቅላታቸው ወደ ኋላ ሲጠነጠን ይታየኛል። በመጨረሻ ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ዝምተኛ ልጅ «ጠይቆታል፣ እትዬ። ስምንተኛው ሲዝን ላይ» አለ።

«ልጁስ ምን አለው?»

«በማንም አልተናደድኩም አለው።»

«እነሱ ነገሩን ጨርሰው እናንተ ምን ቀራችሁ ታዲያ? በሉ ሒሳብ፣ ልዘጋ ነው።»

ሒሳቡ ሰባት ሻይ ነበር። ማን እንደተረታ ስላልታወቀ ማን እንደሚከፍል አልታወቀም። ብሎኬት አምራቹ ተነስቶ ዚፑን እስከ አገጩ ሳበ።