የእንፋሎት ጉድጓድ በሚያወጣው በርሜል ብቻ አይመዘን

ከባድ ድፍድፍ ነዳጅ በእንፋሎት ስለሚያወጡ ኩባንያዎች የሚወጡ ዘገባዎች ቀድመው የሚጠቅሱት በቀን ስንት በርሜል እንደተመረተ ነው። መቅደም ያለበት ግን ሌላ ቁጥር ነው፤ ለአንድ በርሜል ዘይት ስንት በርሜል ውሃ ተፈልቶ እንፋሎት ሆነ?

በካናዳ አታባስካ ያለው ሬንጅ መሰል ዘይት በመሬት ውስጥ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ ከቦታው አይነቃነቅም። ከ200 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ግን ቀጥኖ ይፈሳል። መሐንዲሱ ሮጀር በትለር በ1970ዎቹ ያፈለቀው ዘዴ በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ሁለት አግድም ጉድጓዶች በ5 ሜትር ያህል ልዩነት ከላይና ከታች ይቆፈራሉ። መጀመሪያ ለጥቂት ወራት በሁለቱም ውስጥ እንፋሎት እየተዘዋወረ በመካከላቸው ያለው ዘይት ይላላል። ከዚያ የላይኛው እንፋሎት ይቀበላል፤ የቀለጠው ዘይትና የቀዘቀዘው ውሃ በራሳቸው ክብደት ወደ ታችኛው ይወርዳሉ።

ሒሳቡ ከባድ ነው። ለ1 በርሜል ዘይት 3 በርሜል ውሃ ቢፈላ ውሃው 477 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ይህን ከቀዝቃዛ ውሃ ተነስቶ እንፋሎት ማድረግ 1.3 ጊጋ ጁል ያህል ይፈልጋል፤ በርሜሉ ራሱ ደግሞ 6 ጊጋ ጁል አካባቢ ይይዛል። ከሚገኘው ጉልበት አንድ አምስተኛው በላይ ገና ከጉድጓዱ ሳይወጣ ተበላ ማለት ነው። ከሚወጣው ትኩስ ፈሳሽ ሙቀቱን መልሶ መጠቀም ያቀለዋል እንጂ አያጠፋውም። የእንፋሎትና የዘይት ጥምርታው 5 ወይም 6 ሲደርስ፣ የበርሜሉ ቁጥር ምንም ያህል ቢያምር፣ ጉድጓዱ በዋናነት የሚያሞቀው ዐለት ነው።

ብክነቱ የሚጀምረው ደግሞ ከመሬት በላይ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉት ቦይለሮች አብዛኛውን ጊዜ ከውሃው 80 በመቶ ያህሉን ብቻ ወደ እንፋሎት ይቀይራሉ፤ የቀረው ጨውና ማዕድኑን አሟሙቶ ካልያዘ ቱቦው ውስጥ ቅርፊት ይጋገራል። በረጅም መስመርና በደካማ መከለያ ሲያልፍ እንፋሎቱ ዳግም ውሃ እየሆነ ዋናውን ሙቀት በመንገድ ላይ ያራግፋል። ስለዚህ በቦይለሩ አፍ ላይ የተለካ የእንፋሎት ድርሻ ጉድጓዱ ግርጌ ለሚደርሰው ማስረጃ አይሆንም።

በታችኛው ጉድጓድ የሚሰበሰበው ፈሳሽ ከእንፋሎቱ በ5 እስከ 20 ዲግሪ ያህል እንዲቀዘቅዝ ይጠበቃል። ምርት ለመጨመር ፓምፑ ከተጣደፈ ያ ልዩነት ይጠፋል፤ እንፋሎቱ በቀጥታ ሰብሮ ይገባና አሸዋ የሚከለክለውን ባለ ቀዳዳ ቱቦ ይቦረቡራል። ዛሬ ለተገኙ ጥቂት በርሜሎች ሲባል ጉድጓዱ ራሱ ይጠፋል።

ብረቱና ሲሚንቶውም ይፈተናሉ። 1,000 ሜትር ቱቦ በ200 ዲግሪ ቢሞቅ 2.4 ሜትር ያህል ሊረዝም ይሞክራል፤ በሲሚንቶ ስለታሰረ ግን ኃይሉ ወደ ውስጥ ዞሮ መጋጠሚያዎቹን ያስጨንቃል። ተራ ሲሚንቶ ከ110 ዲግሪ በላይ ጥንካሬውን ስለሚያጣ ከ35 እስከ 40 በመቶ የሲሊካ ዱቄት ይደባለቅበታል። ይህን ማጓደል በኋላ የሚያፈስ ጉድጓድ መውረስ ነው። ግፊትን ችላ ማለትስ? እ.ኤ.አ. በ2006 አልበርታ ውስጥ በጆስሊን፣ ጥልቀት በሌለው ክምችት ላይ፣ እንፋሎቱ ሽፋን ዐለቱን ጥሶ ምድር ገጽ ላይ ፈንድቷል።

ስለዚህ ተቆጣጣሪዎች የየጉድጓዱን የእንፋሎትና የዘይት ጥምርታ በየወሩ ያሳትሙ፤ እንፋሎቱ ወደ ጉድጓዱ የሚገባበት ግፊትም ከጎኑ ይቀመጥ። እንፋሎቱ ያሞቀው የዐለት ክፍል የክምችቱን ጣሪያ ነክቶ ጥምርታው ያለማቋረጥ ሲያሻቅብ፣ እንፋሎቱ ይቀነስና እንደ ሚቴን ያለ የማይጤዝ፣ ማለትም እንደ እንፋሎት ተመልሶ ፈሳሽ የማይሆን ጋዝ ይተካበት፤ ዐለቱ ውስጥ የተከማቸው ሙቀት ለተጨማሪ ጊዜ ዘይት ማፍሰሱን ይቀጥላል።