«ችግሩ ብብቱ ነው»

ክርክሩ የተነሳው ከዚራ በተባለው የድሬዳዋ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ እየተጠጣ ነው። ግንቦት ላይ መጀመሪያ ድሬዳዋ፣ ቀጥሎ ሐረር ላይ ቫዮሊን፣ ቼሎና ፒያኖ የሚጫወቱ ወጣቶች ምን ለብሰው መድረክ ይውጡ?

በዕድሜ የገፉት ሙዚቀኛ አላመነቱም። «ክላሲካል ከሆነ ጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ክራቫት። ሰው የሚመጣው ሊሰማ ነው፤ ዓይኑን የሚበትን ነገር አይኑር።»

«በዚህ ሙቀት ጋሼ?» አለች ቼሎ ተጫዋቿ። «ላቡ ክንዴን ተከትሎ ጣቴ ላይ ሲደርስ ክሩ ላይ መቆም ያቅተኛል። ድምፁ ይሸሻል።»

ልብስ ሰፊው ጣልቃ ገባ። «ጋሼ፣ ጥቁሩ አይደለም፤ ችግሩ ብብቱ ነው።» ኮት ለብሶ የተቀመጠውን ቫዮሊኒስት አስነስቶ፣ መሣሪያውን እንደያዘ ሰው ሁለቱንም ክንዶቹን እንዲያነሳ አደረገው። የኮቱ ጫፍ አራት ጣት ያህል ወደ ላይ ሸሸ፤ ኮሌታው ጆሮው ሥር ደረሰ። «ይኸው! የሱቅ ኮት ብብቱ የወረደ ስለሆነ ክንድ ሲነሳ ሁሉም አብሮ ይነሳል። ትከሻው ላይ ያለው ስፖንጅ ደግሞ የቫዮሊኑን መደገፊያ ያንሸራትተዋል። እኔ ስፖንጁን ከሁለቱም ወገን አወጣለሁ፤ ብብቱን ፈትቼ ጎኑ ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ እጨምርበታለሁ። ከዚያ በኋላ ክንዱ ይነሳል፣ ኮቱ ቦታው ላይ ይቀራል።»

«ከዚህ ሁሉ የራሳችንን ብንለብስስ?» አለች ፒያኖ ተጫዋቿ። «ድሪያ፣ ያ ሰፊው ቀሚሳችን፣ ንፋስ ያስገባል፤ ነጠላም ያምራል።»

«አቦ፣ ድሪያ እኮ ስስ ነው! ከኋላ መብራት ሲያርፍበት ውስጡን ያሳያል» አለች ቼሎ ተጫዋቿ። «ነጠላሽም ጎንበስ ስትዪ ቁልፎቹ ላይ ይወርዳል። የሐበሻ ቀሚስ እሺ፤ ግን ጥበቡ ደረት ላይ በወርቀ ዘቦ ከተሠራ የቼሎውን ቀለም ይፍቃል። ጥበቡ ጫፉ ላይ ይሁንልኝ።»

ሽማግሌው ትንሽ ዝም ብለው፣ «ሐረርስ? እዚያ ማታ ይበርዳል» አሉ። ይህን ማንም አልተቃወማቸውም።

እኔ ፍርዴን ለልብስ ሰፊው እሰጣለሁ፤ ሽማግሌውም በጥቁሩ ልክ ናቸው። ከኋላው እንደ ጅራት የሚወርደው የኦርኬስትራ ኮት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ወንዶች የማታ ክብር ልብስ ነበር። ክሩ ላይ የሚሳበውን ዘንግ፣ ደጋኑን፣ ለሚጎትት ክንድ ታስቦ የተቆረጠ አይደለም፤ ስለዚህ እሱን ማስቀረት ሙዚቃውን መናቅ አይሆንም። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በግንቦት ቀኑ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፣ የመድረኩ መብራት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። እዚህ ጥቁር የጥጥ ሸሚዝና ሱሪ ይበቃል። ፖሊስተር ግን ላብ አይመጥም፤ ጀርባ ላይ ይለጠፋል። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች የሙሉ ልብሱ ኮት እዚያ ይለበስ፤ የቀዘቀዘ ጣት ከላበው አይሻልም። ብብቱ ግን አስቀድሞ ይሠራ።

ጨርቁ ለሁሉም ከአንድ ጣቃ ይቆረጥ። ከየሱቁ የተለቀመ ጥቁር መብራት ሥር አንዱ ወደ ቡኒ፣ ሌላው ወደ ሰማያዊ ይወስዳል፤ ታዳሚውም የሚያየው ያንን ነው። ሲታጠብ ተገልብጦ ጥላ ላይ ይሰጣ፤ የድሬ ፀሐይ ጥቁርን ቶሎ ያነጣዋል። የእጅጌ ጫፍ ጠበብ ይበል፤ ሰፊ ከሆነ ደጋኑ ይይዘዋል። አምባርም አይደረግ፤ ሙዚቃው ዝግ ሲል ከተንቃጨለ እስከ ኋላ ወንበር ይሰማል። ላቡ ለማይቀርለት ቫዮሊኒስት ስስ የጥጥ መሐረብ አገጭ ማሳረፊያው ላይ ይደረግ፤ ከጨዋታው በኋላ መሣሪያው ይወልወል፤ ላብ ቫርኒሹን ይበላዋል።

የፒያኖ ተጫዋቿ ጫማ ዝቅተኛ ተረከዝና ስስ ሶል ይኑረው፤ ተረከዙ መሬት ላይ አርፎ ነው ፔዳሉ የሚረገጠው። የቀሚሷም ጫፍ ተረከዟ ሥር እንዳይገባ ይታይ። ቼሎ ተጫዋቿ ጉልበቷን ከፍታ ስለምትቀመጥ ቀሚሷ ከታች ሰፊ ሆኖ ስትቆም ቁርጭምጭሚት ይንካ፤ ስትቀመጥ ስንዝር ያህል ይነሳልና። የመጨረሻው ልምምድ ላይ ሁሉም ልብሱንና ጫማውን እንዳደረገ መብራቱ ይብራ፤ አንድ ሰው የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ከታች ወደ ላይ ይመልከታቸው።