ሶኒ ኤሪክሰንን አይፎን ብቻ አይደለም የጣለው

የሞባይል አምራቹ ሶኒ ኤሪክሰን ሲነሳ ሁሌ የሚባለው "አይፎን መጣና አለቀለት" ነው። እኔ በዚህ አልስማማም፣ አይፎን የመጣው በሁሉም ላይ ነው፣ ሳምሰንግም ላይ መጥቷል። የዚህ ድርጅት ችግር ከአመሰራረቱ ነው ባይ ነኝ፣ ሁለት ወላጅ ነበረው፣ ሶፍትዌሩን ግን የኔ ነው ብሎ የያዘው አልነበረም።

እስቲ ከመነሻው እንየው። ኤሪክሰን በ1876 ስቶክሆልም ላይ የተቋቋመ የስልክ ድርጅት ነው፣ ብሉቱዝን ራሱ የጀመሩት የሱ ኢንጂነሮች ናቸው። በ2000 ማርች ላይ ግን አሜሪካ አልበከርኪ ውስጥ ያለውን የፊሊፕስ ቺፕ ፋብሪካ መብረቅ መታውና እሳት ተነሳ። እሳቱ 10 ደቂቃ አካባቢ ነው የቆየው፣ ቺፕ የሚሰራበት ክፍል ግን አቧራ እንኳን የማይገባበት ስለሆነ ጭሱ ብቻ በቂ ነበር። ከዛ ፋብሪካ ኖኪያም ኤሪክሰንም ነበር የሚገዙት፣ ኖኪያ ወዲያው ተሯሩጦ ከየቦታው ቺፕ ሰበሰበ፣ ኤሪክሰን ቶሎ ይስተካከላል የተባለውን አምኖ ቁጭ አለና ሲነቃ የሚገዛው ቺፕ የለም፣ ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር ሽያጭ አመለጠው። የስልክ ክፍሉ በዛ አመት ከባድ ኪሳራ ውስጥ ገባ። ሶኒ ደግሞ በካሜራና በሙዚቃ ማጫወቻ ስሙ የገነነ ሆኖ በሞባይል ግን ከጃፓን ውጪ ብዙም አልሆነለትም። እንግዲህ ሁለቱ በኦክቶበር 2001 እኩል 50 በመቶ ይዘው፣ ዋና ቢሮውን ለንደን አድርገው ሽርክና ገቡ።

ደግሞ ሰርቶላቸው ነበር! በ2005 የወጣውን ኬ750 የያዘ ሰው ያውቀዋል፣ ከጀርባው ያለችውን የሌንስ ክዳን በአውራ ጣት ገፋ ስታደርጋት ካሜራው ራሱ ይከፈታል፣ ወደ ጎን አዙረህ ስትይዘው ስልክ ሳይሆን ካሜራ የያዝክ ነው የሚመስልህ፣ ያኔ 2 ሜጋፒክስል ትልቅ ነገር ነበር። እሱኑ ስልክ ነጭና ብርቱካናማ አልብሰው ዋክማን የሚለውን የሶኒ ሙዚቃ ማጫወቻዎች ስም ሲሰጡት ደብሊው800 ሆነ። በ2006 ደግሞ የሶኒ ካሜራዎች ስም፣ ሳይበርሾት፣ ኬ800 ላይ ተለጠፈ። በ2007 በአመት ከ100 ሚሊዮን በላይ ስልክ ሸጡ።

ግን ልብ በሉ፣ ወላጆቹ የሰጡት ስምና ካሜራ ነው፣ ሶፍትዌር አይደለም። ተራ ስልኮቹ አንድ ሲስተም፣ ስክሪናቸው በብዕር መሰል ዘንግ የሚነካው እነ ፒ900 ሲምቢያን በሚባል የስልክ ሲስተም ላይ የተሰራ ዩአይኪው የሚባል ሌላ፣ በ2008 የመጀመሪያው የኤክስፔሪያ ስልክ የማይክሮሶፍቱ ዊንዶውስ ሞባይል (እሱንም ያመረተላቸው ሌላ ስልክ አምራች፣ ኤችቲሲ ነው)፣ ከዛ በ2010 አንድሮይድ። ዩአይኪውን የሚሰራው ድርጅት በ2009 መጀመሪያ ከስሯል። አፕ የሚሰራ ሰው በየሁለት አመቱ ከዜሮ ጀምር ሲባል ማን ይቀመጥላቸዋል? ኤክስፔሪያ ኤክስ10 እንኳን መልኩ እንዴት ያምር ነበር፣ ግን ሌሎች አንድሮይድ 2.1 ላይ ደርሰው እሱ በአሮጌው 1.6 ነው ገበያ የወጣው። ሚሞሪውም እንደዛው፣ ሌላው ሁሉ ማይክሮ ኤስዲ ሲጠቀም እነሱ የሶኒን ሚሞሪ ስቲክ ይዘው ብዙ አመት ቆዩ፣ ያ ለሶኒ ጠቀመ እንጂ ለስልኩ ገዢ ምንም አላደረገለትም። እኩል በእኩል የሆነ ድርጅት ላይ እንዲህ አይነቱን ነገር "ይቁም" ብሎ የሚወስን ሰው የሚጠፋ ይመስለኛል።

እኔን እስካሁን የሚቆጨኝ የሶኒ የጌም ማጫወቻ፣ ፕሌይስቴሽን ነው። ሶኒ የዋክማንን ስም ለስልኮቹ በ4 አመት ውስጥ ሰጠ፣ ፕሌይስቴሽንን ግን 10 አመት ያህል ይዞ ቆየ። በ2011 ኤክስፔሪያ ፕሌይ ሲመጣ ስክሪኑን ገፋ ስታደርገው ከስሩ ክብ፣ ሶስት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን፣ ኤክስ ያለባቸው የጌም ቁልፎች ይወጣሉ፣ ስልኩ ከዛ በፊት ቢመጣ ኖሮ ያስባለ ነገር ነበር። በዛው አመት ኦክቶበር ላይ ሶኒ የኤሪክሰንን ድርሻ በ1.05 ቢሊዮን ዩሮ እንደሚገዛ ተናገረ፣ በፌብሩዋሪ 2012 ግዢው አለቀና ኤሪክሰን የሚለው ስም ከስልኩ ላይ ወረደ።