ጎመን ሲሾም

አራት ኪሎ የሚሾመውና የሚሻረው ባለሥልጣን ብቻ አይደለም። ምግብም ይሾማል፤ ምግብም ይሻራል። ልዩነቱ የምግብ ሹም ሽር በሁለት ሰዓት ዜና አለመነገሩ ነው። በቴሌግራም ነው የሚመጣው፤ ያውም "ለምትወዱት ሰው ሁሉ አስተላልፉ" የሚል ማሳሰቢያ ተለጥፎበት። ማታ ዝንጅብል ጠጥታችሁ ትተኛላችሁ። ጠዋት ስትነሱ ዝንጅብል ወርዶ ቀይ ሥር ተሹሟል። ዝንጅብል ምን አጥፍቶ እንደወረደ የሚነግራችሁ የለም። እናንተም አትጠይቁም።

የሹመቱ ማዕረግ አንቲኦክሲዳንት ይባላል፤ ሰውነትን ከውስጥ ከጉዳት የሚጠብቅ ነገር ማለት ነው። ይህን ማዕረግ ያገኘ ምግብ ኑሮው ወዲያው ይቀየራል። ከጆንያ ወጥቶ ብልቃጥ ይገባል። በመደብ ሲሸጥ የኖረው በግራም ይመዘናል። "የበሽታ መከላከል አቅምን ያጠነክራል" የሚል ወረቀት ደረቱ ላይ ይለጠፍለታል። ከዚያ በኋላ ጉሊት ብትፈልጉት ሰላምታ እንኳ አይሰጣችሁም።

ቀይ ጤፍን ተመልከቱ። ድሮ ወፍጮ ቤት ቀይ ጤፍ ይዞ የመጣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር ወረፋ የሚይዘው። ማኛ የያዘው ደግሞ ለሰፈር እስኪሰማ ይነጋገራል። እንግዳ ሲመጣ ነጭ እንጀራ ከጎረቤት መበደር ያለ ነበር። ከዚያ "ብረት አለው፣ ፖሊፌኖል የሚባል አንቲኦክሲዳንት አለው" ተባለ። አሁን ነጭ እንጀራ ያቀረበች የቤት እመቤት ናት የምትሸማቀቀው። "ይቅርታ፣ ቀዩ አልቆብኝ ነው" ትላለች።

ሽፈራውም እንዲሁ ነው። ኮንሶዎች ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅለው ሲበሉ ኖረዋል። ማንም አላመሰገናቸውም። አዲስ አበባ ሲገባ ደረቀ፣ ተፈጨ፣ የሻይ ከረጢት ውስጥ ገባና ሞሪንጋ ሆነ። መታወቂያ ቀይሮ የመጣ ዘመድ ማለት እሱ ነው።

እኛ መሥሪያ ቤት፣ ከስታዲየም ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የሹመቱ ደብዳቤ ቀድሞ የሚደርሰው ለገንዘብ ያዣችን ነው። ወረቀቱ የተላጠ የውኃ ፕላስቲክ ይዛ ትመጣለች። ውስጡ ያለው ነገር ቀለሙ በየወሩ ይለያያል። ሰሞኑን ወይን ጠጅ ሆኗል፤ ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ፣ እርድ፣ ነጭ ሽንኩርት። ክዳኑን ስትከፍተው "ትስስ" ይላል፤ ትንሽ ቦክቷል መሰለኝ። እርዱን ቤቷ ስትፈትግ ታድራለችና ጣቷ ቢጫ ነው። የአበል መክፈያ ሰነዱ ላይ ሁሉ ቢጫ አሻራ አለ። ኦዲተር ቢመጣ ፊርማ አያስፈልገውም። አበል የሚቀበል ሰው ደግሞ የነጭ ሽንኩርቱን ትንፋሽ ሽሽት ብሩን ሳይቆጥር ነው የሚወጣው።

ክፋት የላትም። ለብቻዋም አትጠጣም። ኩባያ ይዛ በየጠረጴዛው ትዞራለች። "በሞቴ፣ አንድ ጉንጭ!" ትላለች። ዕድሜ ያረዝማል የተባለን ነገር በሞቷ እየማለች የምትግት ሴት እምቢ አይባልም። ተጎነጨን።

የሹመት ዘመን ሲባል ግን 2012 ዓ.ም.ን የሚያህል የለም። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። በማግሥቱ ነጭ ሽንኩርት ጠቅላይ፣ ሎሚ ምክትል፣ ዝንጅብል መከላከያ፣ ፌጦ ደግሞ አማካሪ ሆነው ተሰየሙ። ዋጋቸው ሰማይ ነካ። ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በዚያው ሰሞን ሰው እንዳይተፋፈግ ተብሎ ወደ ጃንሜዳ ሄደ። እኛም ተከትለን ሄድንና እዚያው ተፋፈግን። የዓለም ጤና ድርጅት "ነጭ ሽንኩርት ጤናማ ምግብ ነው፤ ከቫይረሱ ይጠብቃል የሚል ማስረጃ ግን የለም" ብሎ ነበር። ማን ይስማው? ፌጦ ዛሬ የት እንዳለች የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ጡረታዋ እንኳ አልተከበረላትም።

ነገሩ ጭራሽ ውሸት አይደለም። ሰውነታችን ከምግብ ጉልበት ሲያወጣ፣ ሲጋራ ስናጨስ፣ ሜክሲኮ አደባባይ የሚኒባስ ጭስ ስንምግ፣ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ያልረጉ ሞለኪውሎች ይፈጠራሉ። ኤሌክትሮን ስለጎደላቸው ካጠገባቸው ካለው ይነጥቃሉ። የተነጠቀው ይጎዳል። አንቲኦክሲዳንቶች ኤሌክትሮን ሰጥተው ያበርዷቸዋል። ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ ካሮትን ካሮት ያደረገው ቤታ ካሮቲን፣ ቲማቲምን ያቀላው ላይኮፒን፣ ሁሉም ከዚህ ወገን ናቸው። ቫይታሚን ሲ በጣም የጎደለው ሰው በሽታ የመከላከል አቅሙ ይዳከማል። እዚህ ድረስ ገንዘብ ያዣችን ትክክል ናት።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። እኛ "ይጠቅማል" ሲባል "በብዛት ይጠቅማል" ብለን ነው የምንሰማው። ደግሞ ሰውነት ራሱ ጀርም የሚገድለው በእነዚያው በሚነጥቁት ሞለኪውሎች ነው። ነጭ የደም ሴሎች ሆን ብለው እየሠሩ ይረጩበታል። ይህን ለገንዘብ ያዣችን ልነግራት ሞከርኩ። "አንተ ደግሞ የማይሆን ነገር ታነባለህ" አለችኝና ኩባያውን ሞላችልኝ።

በዚህ ስህተት ትልልቅ ሰዎችም አሉበት። ላይነስ ፓውሊንግ በፈረንጆቹ 1954 የኬሚስትሪ፣ በ1962 ደግሞ የሰላም ኖቤል የወሰደ ሰው ነው። እሱ ያለው ቫይታሚን ሲን በግራም በግራም እየዋጡ ጉንፋንን መሸኘት ይቻላል ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናት ተደረገ። ዘወትር የሚወስዱ ተራ ሰዎች በጉንፋን መያዛቸው አልቀነሰም፤ ጉንፋኑ ግን ትንሽ ቶሎ ይለቃቸዋል። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ከ75 እስከ 90 ሚሊግራም ነው። ፋርማሲ የሚሸጠው፣ ውኃ ውስጥ የሚፈላው ብርቱካናማ ክኒን ብዙ ጊዜ 1000 ነው። ትርፉን ኩላሊት አጣርቶ ያወጣዋል። ስለዚህ ስታዲየም አካባቢ ያለው ባለአገልግሎት ሽንት ቤት ገብታችሁ፣ በውድ የገዛችሁትን ቫይታሚን ከፍላችሁ ታስወግዳላችሁ። ገቢም ወጪም በእናንተ ኪስ።

ግዥ ክፍል ያለው ባልደረባችን ደግሞ የማካካሻ ሰው ነው። ሲጋራ ያጨሳል፤ በላዩ የካሮት ጭማቂ ይጠጣል። ቅዳሜ ጥሬ ሥጋውን ሲቆርጥ ሎሚ ይጨምቅበታል። "አንቲኦክሲዳንት ነው" ይላል፤ ቢላውን ሳያስቀምጥ። ካዛንቺስ ሳይፈርስ አብረን የምንሄድበት ሥጋ ቤት ነበር። እዚያ ግማሽ ኪሎ ቁርጥ በልቶ፣ ሦስት ቢራ ጠጥቶ፣ ሲወጣ አንድ ብርቱካን ልጦ በላና ሆዱን መታ መታ አደረገ። ሒሳቡን የዘጋ ሰው አኳኋን ነበረው።

ስለ ሲጋራና ካሮቲን ፊንላንዶች በ1994 ያሳተሙትን ነገርኩት። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 69 የሆነ 29,133 አጫሽ ወንዶችን መዝግበው ለከፊሎቹ ቤታ ካሮቲን በክኒን ሰጧቸው። ሳንባ ካንሰርን ይቀንሳል ብለው ነበር። ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ተከታትለው ሲያዩ፣ ክኒኑን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰሩ በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። አሜሪካኖችም ተመሳሳይ ጥናት ጀምረው ጉዳቱን ሲያዩ በ1996 ሳይጨርሱት አቆሙት። ባልደረባዬ ጸጥ ብሎ አዳመጠኝ። መጨረሻ ላይ "ስለዚህ ካሮቱን ልተው?" አለኝ። ካሮቱ ምን አደረገ! ካሮቱ ምግብ ነው፤ ጉዳቱ የመጣው ክኒን ከሆነው ነው። ሲጋራውን ልተው ብሎ መጠየቅ ግን በአእምሮው አላለፈም።

አሁን ደግሞ ተሹሞ የማያውቀውን ቃሪያን ላንሳላችሁ። ቫይታሚን ሲን ለይቶ ያወጣው አልበርት ሴንት ጂዮርጂ የሚባል የሃንጋሪ ሰው ነው፤ በ1937 ኖቤል አግኝቶበታል። ቫይታሚኑን በብዛት ሊያወጣ የሚችልበት ነገር አጥቶ ሲቸገር ነበር። አንድ ማታ ሚስቱ ለእራት ትኩስ ቀይ ቃሪያ አቀረበችለት። ራሱ እንደተናገረው፣ መብላት አላሰኘውም፤ ሚስቱን ደግሞ እምቢ ማለት ፈራ። "ላቦራቶሪ ወስጄ ልፈትሸው" ብሎ ይዞት ወጣ። ቃሪያው ቫይታሚን ሲ በቫይታሚን ሲ ሆኖ ተገኘ። የባለቤቱን እራት ሽሽት ኖቤል ያገኘ ባል እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እኛ ሽሽቱ ላይ አናንስም፤ የጎደለን ላቦራቶሪ ነው።

ጥሬ ቃሪያ ከእኩል ክብደት ብርቱካን የበለጠ ቫይታሚን ሲ አለው። ደርቆ፣ ታምሶ፣ ተፈጭቶ በርበሬ ሲሆን ግን አብዛኛው ይጠፋል። እና ይህ ቃሪያ የት ነው ያለው? ሽሮው ጠርዝ ላይ፣ በነፃ፣ ለማሳመሪያ። ብርቱካኑን በኪሎ ስንት ብር እየገዛን፣ ቃሪያውን ከትሪው ጋር እንመልሰዋለን። ጓቫም፣ አሮጌው ሰው ዘይቱን የሚላት፣ ብርቱካንን አራት ጊዜ ያህል ታጥፈዋለች። ጭማቂ ቤት ግን ብትጠይቁ ስፕሪስ ነው የሚመጣላችሁ፤ አቮካዶ ከታች፣ ማንጎ መሐል፣ ፓፓያ ከላይ፣ በላዩ ቪምቶ፣ ውስጡ ስኳር። "ለጤና ብዬ ነው" ይላል ጠጪው፤ በማንኪያ እየዛቀ።

አሜሪካኖች በምግብ ውስጥ ያለውን የአንቲኦክሲዳንት ኃይል የሚያሳይ ሰንጠረዥ ነበራቸው። ነጋዴው ሁሉ ቁጥሩን እየቀዳ ማሸጊያው ላይ ሲለጥፍ፣ የግብርና መሥሪያ ቤታቸው በ2012፣ በፈረንጁ ማለቴ ነው፣ ሰንጠረዡን ከድረ ገጹ አነሳው። ብልቃጥ ውስጥ የተለካው ነገር ሰው ሆድ ውስጥ እንደዚያ አይሠራም ብሎ። የእኛ ቴሌግራም ይህን አልሰማም።

አራት ኪሎ የሚኖሩ አክስት አሉኝ። ቡናቸውን ከአቦል እስከ በረካ ጤና አዳም ጣል እያደረጉ ይጠጣሉ። ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፣ የሁዳዴን 55 ቀንማ ሳይባል። የልጅ ልጃቸው አንድ ቀን አንቲኦክሲዳንት እንዲወስዱ መከረቻቸው።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ሰውነትን ከውስጥ ከጉዳት የሚጠብቅ ነገር ነው፣ እማማ።"

"ጠበል ነው?"

"አይ፣ ምግብ ውስጥ ያለ ነው። ቀይ ሥር ውስጥ፣ ጎመን ውስጥ፣ ምስር ውስጥ…"

"እንዴ! ጾም ያዢ ብትይኝ አይቀልም?"

እኔ እዚያ ጋ ዝም አልኩ። ሴትዮዋ ፊት የነበረው ትሪ ላይ ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ አበሻ ጎመን፣ ቀይ ምስር፣ ቲማቲም ለብለብ ነበረ። ውጭ አገር ይህንኑ በትንሽ ሳህን ደርድረው፣ ቀስተ ደመናን ብሉ እያሉ ይመክሩበታል። ቲማቲሙ በዘይት መብሰሉ ራሱ ላይኮፒኑን ሰውነት እንዲወስደው ያግዛል። ጎመኑ ላይ ሎሚ ጠብ ብታደርጉ ብረቱን ሰውነት ይቀበለዋል። ቡናውም በአንቲኦክሲዳንት ሀብታም ነው። አንድ ነገር ብቻ ነገርኳቸው፤ ከምግብ ጋር አያይዘው ሲጠጡት ብረቱን ስለሚያስቀር ትንሽ ቆየት ቢያደርጉት። "እሺ" አሉኝ፤ አቦሉን እየቀዱ።

ባለፈው ሐሙስ የግዥ ክፍሉ ባልደረባዬ ምርመራ አድርጎ መጣ። ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሏል። "ከዛሬ ጀምሮ ጎመን ብቻ!" አለ፤ መላው ቢሮ እየሰማው። ምሳ ሰዓት ላይ ከቢሯችን ጀርባ ወዳለችው ምግብ ቤት ገባን። እጁን ታጥቦ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ በሙሉ ወኔ ጎመን አዘዘ።

"ጎመን አልቋል፣ ጋሼ" አለችው አስተናጋጇ።

"ጎመን እንዴት ያልቃል? በስድስት ሰዓት ተኩል?"

"አሁን ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚያዘው። ለጤና ነው እያሉ። ክትፎ አለ፣ ጥብስ አለ።"

እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

"ምን ይደረግ፣ ክትፎ አምጪልኝ። ለብለብ ይሁን። እና እህቴ፣ ቃሪያ በዛ አድርጊበት፤ ቫይታሚን አለው።"

"ቃሪያ ለብቻው ነው ሒሳቡ፣ ጋሼ።"

"ከመቼ ወዲህ?"

"ከሰኞ ጀምሮ።"