ደግመው ደጋግመው ለሚገዙት ክቡር ሰብሳቢ

በዚህ ዘመን ታማኝነት ጠፋ እያሉ ለሚያማርሩ ሰዎች አንድ ሕያው ምስክር አለኝ። እሳቸውም የሳይንሳዊ ልብወለድ ተከታታይ ድራማዎችን በየምዕራፉ በሣጥን እየገዙ መደርደሪያቸውን የሚሞሉት ክቡር ሰብሳቢ ናቸው። ተራው ሰው አንድ ነገር ከገዛ በኋላ ገዛሁ ብሎ ይቀመጣል። እሳቸው ግን ያንኑ ምዕራፍ፣ ያንኑ ካፒቴን፣ ያንኑ በቀለም የተቀባ የውሸት ቋጥኝ አዲስ ሽፋን በለበሰ ቁጥር ዳግመኛ ለመግዛት ቅር የማይላቸው፣ ልባቸውም ኪሳቸውም የሰፋ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው በቁሙ ማመስገን ይገባል።

በጠፈር መርከብ ስለሚጓዙ ሰዎች የሚተርከውን የመጀመሪያውን ስታር ትሬክ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 በአሜሪካው ኤንቢሲ ጣቢያ የታየው ይህ ድራማ ሦስት ምዕራፎችና 79 ክፍሎች አሉት። ክቡርነታቸው መጀመሪያ በቪኤችኤስ ገዙት። አንዱ ካሴት የሚይዘው አንድ ክፍል ስለነበር የመጀመሪያው ምዕራፍ 29 ክፍሎች ብቻቸውን መደርደሪያውን አጣበቡት። ከ1999 ጀምሮ በአንድ ዲቪዲ ሁለት ሁለት ክፍል እየሆነ መውጣት ሲጀምር፣ ካሴቶቹን ወደ ዕቃ ቤት አውርደው ዲስኮቹን አንድ በአንድ ለቀሙ። ለቅመው እንደጨረሱ፣ በ2004 ያው ድራማ በየምዕራፉ ተጠቃሎ የጠፈርተኞቹን ልብስ ቀለም በያዙ ቢጫ፣ ሰማያዊና ቀይ የፕላስቲክ ሣጥኖች መጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ተታለልኩ ብሎ ያኮርፍ ነበር። እሳቸው ግን ቢጫው ከሰማያዊው ጎን ሲቆም ምን ያህል እንደሚያምር አይተው ደስ እያላቸው ከፈሉ።

ነገር ግን የሰው ወርቅነት የሚፈተነው በመከራ ነውና፣ የክቡርነታቸው ትልቅነት የታየው በኤችዲ ዲቪዲ ጊዜ ነው። ዲቪዲን ለመተካት የመጡት ሁለቱ የጠራ ምስል ዲስኮች፣ ኤችዲ ዲቪዲና ብሉሬይ፣ እርስ በርስ በሚተናነቁበት በዚያ ወቅት፣ የጠፈር መርከቧ ምስሎች በኮምፒውተር እንደ አዲስ የተሠሩለት የመጀመሪያው ምዕራፍ በኅዳር 2007 በኤችዲ ዲቪዲ ወጣ። ጠንቃቃ ሰዎች ‹‹እስቲ አሸናፊው ይለይ›› ብለው ሲጠብቁ እሳቸው ገዙ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በየካቲት 2008፣ የኤችዲ ዲቪዲ ዋና ደጋፊ የነበረው ቶሺባ ከውድድሩ መውጣቱን አስታወቀ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ምዕራፍ በዚያ መልክ ሳይታተሙ ቀሩ። እንግዲህ ክቡርነታቸው ወንድምም እህትም የሌለው፣ ማጫወቻውም መመረት ያቆመ አንድ ምዕራፍ ታቅፈው ቀሩ ማለት ነው። መጽናኛ አልታጣም፤ የዲስኩ ሌላኛው ገጽ ተራ ዲቪዲ ስለነበር በድሮው ማጫወቻ ይሠራል። ይህም ማለት በዲቪዲ የነበራቸውን ምዕራፍ እንደገና በዲቪዲ ገዙ ማለት ነው። አቤት ጽናት!

በ2009 ብሉሬዩ ሲመጣ ደግሞ ምን ዓይነት ጸጋ እንደተጨመረበት ልብ በሉ። በርቀት መቆጣጠሪያው አንድ ቁልፍ ብቻ በመጫን ከአዲሱ የኮምፒውተር ምስል ወደ ጥንቱ የ1960ዎቹ ምስል መመለስ ይቻላል። ክቡርነታቸው ለአዲሱ ምስል ሙሉ ዋጋ ከፍለው ሲያበቁ፣ ‹‹እኔስ የድሮውን ነው የምወደው›› ብለው ያችን ቁልፍ ተጫኑ። የድሮው ምስል ዕቃ ቤት ባለው ካሴት ላይ እንደነበር ሊያስታውሳቸው የደፈረ አልተገኘም፤ እኔም ብሆን አልደፍርም።

ስለ ሒሳብ ችሎታቸው ብዙ አልናገርም። ባትልስታር ጋላክቲካ የተባለው ሌላ የጠፈር ድራማ ሁለተኛ ምዕራፍ 20 ክፍሎች ለሁለት ተገምሰው አንዱ ሣጥን 2.0፣ ሌላው 2.5 ተብሎ ሲሸጥ፣ አንድን ምዕራፍ በነጥብ ከፍሎ ሁለት ጊዜ መሸጥ ይቻላል ብለው ያመኑት እሳቸው ናቸው። አራተኛውም ምዕራፍ 4.0 እና 4.5 ሆኖ ሲመጣ እምነታቸው ንቅንቅ አላለም።

ይህን ሁሉ ለምን ይሰበስባሉ ተብለው ሲጠየቁ ክቡርነታቸው አንድ ጥሩ መልስ አላቸው፤ መልሱም በእርግጥ እውነትነት አለው። የእንግሊዙ ቢቢሲ ዶክተር ሁ የተባለውን የሳይንሳዊ ልብወለድ ድራማውን የ1960ዎቹ ቴፖች እየደመሰሰ ሌላ ሲቀዳባቸው ስለኖረ፣ ከ90 በላይ ክፍሎች ዛሬ በምስል የሉም። የእነዚያ ክፍሎች ድምፅ የተረፈው ተመልካቾች ቤታቸው ተቀምጠው በቴፕ ስለቀዱት ነው። ‹‹እኛም የእነዚያ ወራሾች ነን›› ይላሉ ክቡርነታቸው፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። ወራሽነታቸውን አልክድም። ትንሽ ልዩነት ቢኖር፣ እነዚያ ድራማው እንዳያመልጣቸው ጓጉተው የቀዱ ሰዎች ሲሆኑ፣ እሳቸው ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ቅጂ ያለውን ሥራ ከራሳቸው ዓይን ጭምር የሚጠብቁ መሆናቸው ነው።

ጥበቃው ደግሞ ቀልድ አይደለም። ከ1987 እስከ 1994 የታየው ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጄነሬሽን የተቀረጸው በ35 ሚሊሜትር ፊልም ቢሆንም አርትዖቱና የምስል ጥበቡ ያለቀው በቪዲዮ ቴፕ ነበር። የቴፑ ምስል ለብሉሬይ ጥራት ስለማይበቃ፣ ባለሙያዎቹ ዋናውን ኔጋቲቭ (በካሜራው ውስጥ ያለፈውን ፊልም) ከመጋዘን እየፈለጉ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ እንደገና እየቀዱ፣ 178ቱንም ክፍሎች ከመጀመሪያ ጀምሮ መልሰው ገጣጠሙ። ሰባቱ ምዕራፎች ከ2012 እስከ 2014 ድረስ በየተራ ወጡ። የእነዚያ ባለሙያዎች ድካም ከንቱ እንዳይቀር ክቡርነታቸው ሰባቱንም ገዝተዋቸዋል፤ የላስቲክ መጠቅለያው ግን ከሰባቱ በአንዱም ላይ አልተቀደደም። ከተቀደደ ዋጋው ይወርዳላ! ባለፈው እንግዳ መጥቶ ‹‹እስቲ አንዱን ክፍል አብረን እንይ›› ቢላቸው፣ በደስታ ብድግ ብለው መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር ካስጎበኙት በኋላ፣ ስልካቸውን አውጥተው በየወሩ ከሚከፍሉበት የኢንተርኔት አገልግሎት ከፈቱለት።