«ምን ጎደለሽ?» እያልን

ለገና አገር ቤት ሄጄ እህቴ ጋ ገላን ጉራ አንድ ወር ከረምኩ። ካዛንቺስ የፈረሰ ጊዜ፣ 2017 ትምህርት ገና እንደተጀመረ ነው ወደዛ የገቡት። ቤቱ ጥሩ ነው፣ እውነቱን መናገር አለብኝ፣ የድሮው ሽንት ቤት ለስንት አባወራ እንደነበር የምናውቅ እናውቀዋለን። እኔን ያስጨነቀኝ የእህቴ ልጅ ናት፣ 16 ዓመቷ ነው። ድሮ ስደውል ስልኩን ከናቷ ነጥቃ ስለ ጓደኞቿ አውርታ የማትጠግብ ልጅ፣ አሁን ሳመችኝና መኝታ ቤት ገባች፣ በቃ።

እኔም መጀመሪያ ጉርምስና ነው አልኩ። ግን አንድ ቤት ስትኖሩ ታያላችሁ አይደል፣ ምሳ ዕቃዋ እንደሄደ ይመለሳል፣ እናቷ ከፍታ ፍርፍሩን ታየውና «ጠግባ ነው» ብላ መልሳ ትዘጋዋለች። ሹሩባዋ ከሥሩ ተፍታቶ ሳምንታት አልፎታል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የስልኳ ብርሃን በበሩ ሥር ይታየኛል፣ ጠዋት ደሞ ራሴን አመመኝ ትላለች። ምን ሆነሽ ነው ስላት መልሷ አንድ ነው፣ «ደበረኝ»።

ይቺ ቃል ናት ያዘናጋችን። ልጆቹ ኔትወርክ ሲጠፋም ደበረኝ ነው የሚሉት፣ ሒሳብ ክፍለ ጊዜም ደበረኝ ነው፣ ስለዚ ድብርት የሚባለው ሕመም ራሱ ሲመጣ በዛችው ቃል ስለሚመጣ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ በየቀኑ ማለት ይቻላል ሲቆይ፣ የምትወደው ነገር ሁሉ ሲያስጠላት፣ እንቅልፍና ምግብ ሲዛባ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። ታዳጊ ላይ ደሞ ሁሌ ለቅሶ ሆኖ አይመጣም፣ ብዙ ጊዜ ንጭንጭና ቁጣ ነው፣ እኛ ደሞ ባለጌ ሆነች ብለን እንቀጣዋለን።

ይሄን ያወኩት በራሴ ልጅ ነው። ሜሪላንድ የሌሊት ሥራ እየሠራሁ፣ ቀን እየተኛሁ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ ካውንስለር ደወለችልኝ። ተጣልቶ መስሎኝ ነበር የሄድኩት። ለካ 9 ጥያቄ ያለው ወረቀት አስሞልተውት ነው፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍህ እንዴት ነው፣ ራስህን ጠልተሃል ወይ ምናምን እያለ ይሄድና 9ኛው ላይ ብሞት ይሻለኛል ብለህ አስበሃል ወይ ይላል። ልጄ አዎ ብሏል። ያቺን ምልክት ሳይ እግሬ ከዳኝ። በኋላ ሕክምና ጀምሮ ሲሻለው ለምን አልነገርከኝም አልኩት። «ሁሌ ምን ጎደለህ ነዋ የምትዪኝ፣ ጎደለኝ ብል ታዝኛለሽ» አለኝ። እኔ ጠየኩ ብዬ ነበር፣ ከ«ምንም» ሌላ መልስ የሌለው ጥያቄ ነበር የምጠይቀው።

አሜሪካ ገነት ነው እያልኩ አይደለም፣ እዛ ጎረቤቴ የልጄን ስም እንኳን አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2021 ሲዲሲ፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ማለት ነው፣ ባደረገው ጥናት ትምህርት ቤት ውስጥ የሚቀርበው ሰው አለኝ ካሉት ተማሪዎች 35 በመቶው፣ የለኝም ካሉት ደሞ 53 በመቶው የማይለቅ ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ ይሰማናል ብለዋል። ቅርበት ብቻውን ያድናል ማለት አይደለም፣ ግን ልዩነቱ ቀላል ነው እንዴ?

የእህቴ ልጅ ያጣችው ይሄን ቅርበት ነው። ከኬጂ ጀምሮ አብራት የምትመለስ ጓደኛዋ ሌላ ሰፈር ደረሳት፣ ሁለት ታክሲ ነው። ካዛንቺስ ቢሆን ጉልት የምትቸረችረዋ እትዬ እንኳን «ምነው ዛሬ ፊትሽ?» ትላት ነበር። አባቷ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጥቶ ማታ 2 ሰዓት ነው የሚገባው፣ እራት ላይ የሚያነሳው ደሞ በ2014 የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያለፈው 3.3 በመቶ ብቻ መሆኑን ነው፣ ለሷ አስቦ እኮ ነው፣ እሷ ግን እንጀራውን ትታ ትነሳለች።

ትምህርት ቤቷም ሄድኩ። የክፍሏ ኃላፊ ደግ ሰውዬ ነው፣ 62 ተማሪ አለው። «እሷማ ጨዋ ናት፣ አትረብሽም፣ ድምጿም አይሰማ» አለኝ፣ እያመሰገናት! የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ከ7 ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት ይላል፣ በዚህ ስሌት እዛ ክፍል ውስጥ ስምንት ዘጠኝ ልጅ አለ ማለት ነው። እሱ የሚያውቀው የሚረብሹትን ብቻ ነው፣ በ62 ልጅ መሀል እሱንስ እንዴት ልፍረድበት?

ሐኪም ትይ ስል እህቴ ደነገጠች፣ «አማኑኤል ልትወስጃት ነው?» አለች። ስንት ሰው የታከመበትን ሆስፒታል ስም ስድብ አድርገነው ቀረን። ጸበልም ውሰጃት፣ እኔም እሄዳለሁ፣ ግን ሐኪሙ አይቅር አልኳት። አለቃቅሰን ተስማማን፣ አሁን ቀጠሮ አላት።

ልመለስ ስል አንድ ቅዳሜ ጓደኛዋ ጋ ልንወስዳት ቃል ገባን። አርብ ማታ ራሷ ማበጠሪያ ይዛ መጥታ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች። እናቷ ሹሩባውን እየጎነጎነች ሳለ ልጅቷ ቀስ ብላ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ አዲሱ ክፍል ውስጥ ምሳ ብቻዋን እንደምትበላ ማውራት ጀመረች። እህቴ አፏን ስትከፍት አየኋት፣ ያቺ ጥያቄ ልትመጣ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና መልሳ ዋጠችው፣ «እሺ፣ ከዛስ የኔ ልጅ?» ብላ ጉንጉኑን ቀጠለች።